ፎቶውን አምጣልን

ሀዋሳ ላይ ፎቶ አንሺ ከሆንክ የመጀመሪያው ፈተናህ ሐይቁ ከከተማው በስተምዕራብ መሆኑ ነው። የምሬን ነው። ፀሐይ የምትጠልቀው ውሃው ላይ ነው፣ ስለዚ ከቀኑ 11 ሰዓት ተኩል ጀምረህ ፍቅር ሐይቅ የሚባለው የሐይቁ ዳርቻ ላይ ብትቆም ስልክ የያዘ ሰው ሁሉ የሚያነሳውን ፎቶ አንተም ታነሳለህ፣ ብርቱካንማ ሰማይ፣ ጥቁር ጀልባ፣ መቅዘፊያ የያዘ ጥቁር ሰው፣ እድለኛ ከሆንክ ደሞ ጥግ ላይ አንድ ፔሊካን። ያምራል እኮ፣ ማን አያምርም አለ። ግን ለማማሩ አንተ ያዋጣኸው ነገር የለም፣ ፀሐይዋ ሰርታ ጨርሳ ነው የምትጠብቅህ። እኔም እንደዛ አይነት ፎቶ ለዓመታት አንስቻለሁ፣ ላይክ አግኝቼበታለሁ፣ ለካላንደር የገዙኝም አሉ፣ እና የሆነ ጊዜ ላይ ፎቶዎቼን ደርድሬ ሳያቸው የድሮውን ከቅርቡ መለየት አቃተኝ። ካሜራው ተቀይሯል፣ ሌንሱ ተቀይሯል፣ ኤዲቱ ትንሽ ረጋ ብሏል፣ ከዛ ውጪ ያው ነው።

ጀማሪ ልጆች ቡና ላይ ሲያገኙኝ "ሰው እንዴት ነው የሚሻሻለው" ብለው ይጠይቁኛል፣ ከኔ የሚጠብቁት መልስ ደሞ የካሜራ ስም ነው፣ ወይ የሆነ ኮርስ፣ ወይ ዩቲዩብ ላይ ያለ የሆነ ፈረንጅ። ካሜራ አይረዳም እያልኩ አይደለም፣ ይረዳል፣ ማታ አዳራሽ ውስጥ በደንብ ይረዳል። ግን እኔን በትክክል የቀየረኝ ምንድነው ብዬ ሳስበው የማገኘው በጣም ተራ የሆነ ነገር ነው፣ ፎቶውን አሳጥቦ ለተነሳው ሰው መውሰድ። በወረቀት፣ በእጅ። በቴሌግራም መላክ አይደለም። ይሄ ነገር ቀላል ይመስላል፣ ግን አንዴ ከጀመርከው የምትነሳበትን ሰዓት፣ የምትቆምበትን ቦታ፣ የምትመርጠውን ፍሬም፣ የሰርግ ስራህን ሳይቀር እየጎተተ ይለውጠዋል፣ እንዴት እንደሆነ ልንገራችሁ።

አሞራ ገደልን ለማታውቁ፣ ዓሣ አስጋሪዎቹ ጠዋት ጀልባቸውን የሚያስጠጉበት ቦታ ነው። መረብ ይዘረገፋል፣ ቆሮሶው ለብቻ አምባዛው ለብቻ ይቆለላል፣ ልጆቹ ቢላቸውን ይዘው እዛው ቁጭ ብለው ይበልታሉ፣ አባ ኮዳ ወፎቹ አንገታቸውን ሰብረው የሚጣለውን አንጀት ይጠብቃሉ፣ ዛፉ ላይ ጉሬዛና ጦጣ አለ፣ ወዲያ ማዶ ዘይቱ ተጥዷል። ካሜራ ያልተደገነበት ቀን የለም ማለት ይቻላል፣ ቱሪስቱ፣ ከአዲስ አበባ ለዊኬንድ የመጣው፣ ሙሽራው ከነሚዜው፣ የዩኒቨርሲቲ ልጆች። እና እዛ ካሜራ ይዘህ ስትገባ አንድ የማትቀር ነገር ትሰማለህ፣ "አንስተህ ስታበቃ ፎቶውን አምጣልን"። ሁሉም "እሺ" ይላል። ዓሣ የምትጠብስ አንዲት ማዘር ስትነግረኝ፣ "ይሄ ሁሉ ሰው ያነሳናል፣ እኛ ግን የራሳችንን መልክ የምናየው መስታወት ላይ ብቻ ነው" አለችኝ፣ እየሳቀች ነው ያለችው፣ ቢሆንም።

መጀመሪያ ይዤላቸው የሄድኩት የምኮራባቸውን ነበር፣ የማታዎቹን። የታወቁትን፣ ብርቱካንማዎቹን። አንድ ጋሼ አሉ፣ እድሜያቸውን ሙሉ እዚህ ሐይቅ ላይ የኖሩ ሰው፣ ፎቶውን ተቀበሉኝና ራቅ አድርገው አዩት፣ ቀረብ አድርገው አዩት፣ ገልብጠው ጀርባውንም አዩት፣ ከዛ "ጀልባዋ የኔ ናት፣ ሰውየውን ግን አላውቀውም" አሉኝ። በዙሪያቸው ያሉት ሁሉ በሳቅ ፈረሱ። አንዱ ልጅ ደሞ ከላይ ጨመረበት፣ "ብሮ ይሄ እኮ ማንም ሊሆን ይችላል፣ እኔም ልሆን እችላለሁ"። ልክ ነው። ማንም ሊሆን ይችላል። በብዙ ሰው ፊት የተመሰገነ ፎቶ ነው፣ የተነሳው ሰውዬ ግን ራሱን አላገኘበትም። ጋሼ ፎቶውን አልመለሱልኝም ባይዘዌይ፣ ስለ ጀልባዋ ብለው ወሰዱት።

አዲስ አበባ ላይ አዲስ ፎቶ ፌስት የሚባል የፎቶ ፌስቲቫል ተጀምሮ ነበር፣ ፎቶ አንሺዋ አይዳ ሙሉነህ በ2010 እ.ኤ.አ. የመሰረተችው፣ ፎቶ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ሰው ቆሞ የሚያይበት። እኛ ጋ እንደዛ አይነት ነገር የለም፣ ፎቶህን አስቀምጠህ "ይሄ ይሰራል፣ ይሄ አይሰራም" የሚልህ ሰው ማግኘት ከባድ ነው፣ ጓደኛ ያሞግስሃል፣ ተፎካካሪ ያንኳስስሃል፣ ላይክ ደሞ ምንም አይነግርህም። ስለዚ የኔ ገምጋሚዎች ዓሣ አስጋሪዎች ሆኑ፣ እና እውነቱን ለመናገር ይሉኝታ የሚባል ነገር የላቸውም።

ከዛ በኋላ የመጣው ለውጥ መጀመሪያ የሰዓት ነው። ሐይቁ ምዕራብ ላይ ነው ካልን ጠዋት ፀሐይዋ ከከተማው ጀርባ ነው የምትወጣው ማለት ነው፣ ስለዚ ጀልባዎቹ ወደ ዳር ሲመጡ ፊት ለፊታቸው ላይ ታርፋለች። ማታ ጥላ የሆነው ሰውዬ ጠዋት ፊት አለው፣ ግንባሩ ላይ ያለው መስመር ይታያል፣ እጁ ላይ መረቡ የሰራው ጠባሳ ይታያል። ታዲያ ይሄ ብርሃን አይቆይም። እኛ ከምድር ወገብ 7 ዲግሪ ገደማ ብቻ ነው የራቅነው፣ ፀሐይ እዚህ ቀጥ ብላ ነው የምትወጣው፣ በሰዓት 15 ዲግሪ አካባቢ፣ ስለዚ ፈረንጆቹ ወርቃማው ሰዓት የሚሉት ነገር እዚህ ሰዓት አይደለም፣ ግማሽ ሰዓት ቢሆን ነው። ሰሜን አውሮፓ ያለ ፎቶ አንሺ ፀሐይ አግድም ስለምትሄድለት ሻይ ጠጥቶ ሊመለስ ይችላል፣ አንተ ሻይ ከጠጣህ አለቀልህ። ጥሩ ጎኑ ደሞ ዓመቱን ሙሉ ብዙም አይለዋወጥም፣ ሰኔ ላይና ጥር ላይ ያለው የፀሐይ መውጫ ልዩነት አንድ ሰዓት አይሞላም፣ አላርምህን አንዴ ከሞላኸው በቃ። ሁለት ሰዓት ካለፈ በኋላ ብርሃኑ ከላይ ይመታል፣ አይን ጉድጓድ ውስጥ ይገባል፣ ያኔ ዛፍ ስር መግባት ነው ወይ ካሜራውን ቦርሳ ከትቶ ሾርባ መጠጣት።

ክረምትን ሁሉም ፎቶ አንሺ ይጠላዋል፣ እኔ ወድጄዋለሁ። ሰማዩ ሲደፈን ብርሃኑ ከየትም ስለሚመጣ ጥላ የለም፣ የጠይም ሰው ፊት ላይ እንደዛ የሚያምር ብርሃን ስቱዲዮ ውስጥ ለመስራት ስንት ብር ነው የሚወጣው። ሐምሌ ላይ አሞራ ገደል ሄዳችሁ ሞክሩት፣ ጭቃውን ብቻ ታገሱ።

ወደ ሰው ፊት ጉዳይ ስመለስ፣ ቴክኒካሏ ነገር ይቺ ናት። የካሜራ ሚተር፣ ብርሃን የሚለካው ክፍሉ ማለት ነው፣ ሰው አያውቅም፣ የሚያየውን ሁሉ ወደ መካከለኛ ግራጫ ነው የሚያመጣው፣ 18 ፐርሰንት ብርሃን ወደሚመልስ ነገር። ከሰውየው ኋላ የሚያብረቀርቅ ሐይቅ ካለ ካሜራው "በጣም በርቷል" ብሎ ያጨልመዋል፣ የሚጨልመው ደሞ ፊቱ ነው። በተቃራኒው ሴትየዋ ጥቁር ሹራብ ለብሳ ጥላ ውስጥ ከቆመች ካሜራው ከሚገባው በላይ ያበራዋል። ስለዚ እኔ ብርሃኑን የማነበው ከሰውየው ፊት ላይ ነው፣ ስፖት አድርጌ፣ ማለት ያቺን ነጥብ ብቻ እንዲለካ፣ ጊዜ ከሌለ ኤክስፖዠር ኮምፐንሴሽኑን፣ ፎቶውን የሚያበራውን ማስተካከያ፣ አንድ ስቶፕ ከፍ አደርግና ሐይቁ ነጭ ቢሆን ይሁን እላለሁ። ነጠላና ሀበሻ ቀሚስ ሲሆን ነገሩ ይከብዳል ምክንያቱም ነጩ ይቃጠላል፣ ከመብራቱ ብዛት ዝርዝሩ ይጠፋል፣ ያኔ ሮው፣ ካሜራው ያየውን ሳይጥል የሚይዘውን ፋይል፣ ማንሳት ግዴታ ነው፣ ጄፔግ ላይ የተቃጠለ ጥለት አይመለስም።

ይሄ ነገር ታሪክም አለው። ኮዳክ በፊልም ዘመን ለፎቶ ላብራቶሪዎች የሚልከው የቀለም ማስተካከያ ካርድ ነበር፣ ሸርሊ ካርድ ይባላል፣ ከ1950ዎቹ ጀምሮ፣ ላዩ ላይ ያለችው ሴት ነጭ ናት፣ የሷ ቆዳ ትክክል ከመጣ ቀለሙ ትክክል ነው ይባላል። የተለያየ ቆዳ ያላቸው ሴቶች አንድ ላይ ያሉበት ካርድ የመጣው 1990ዎቹ ላይ ነው። እንግዲ አስቡት፣ እናቶቻችን የድሮ አልበማቸው ላይ ለምን ከሰል መስለው እንደወጡ ሲጠይቁ ጥፋቱ የጠይምነታቸው ይመስላቸው ነበር። አሁን ዲጂታሉ ተሻሽሏል፣ ግን እዛ ቦታ ላይ ፊት የሚያቀላ አፕሊኬሽን ገባ። ደንበኛዬ አልበም ልትመርጥ ቁጭ ብላ "ፊቴን ትንሽ ቀላ አርግልኝ" ስትለኝ ድሮ ዝም ብዬ ስላይደሩን እገፋው ነበር፣ አሁን መጀመሪያ በትክክል የተነሳውን በወረቀት አሳያታለሁ፣ ከስክሪን ላይ ሳይሆን ከወረቀት ላይ። አብዛኛዎቹ ያኔ ይተዉታል። የማይተዉም አሉ፣ ገንዘቡን የከፈሉት እነሱ ናቸው፣ ቀላ ማድረግ ነው እንግዲ፣ ምን ይደረጋል።

ስራ የጀመርኩት ፎቶ ቤት ነው፣ ጉርድ ፎቶ እያነሳሁ። ያኔ እንደ ስራ አልቆጥረውም ነበር፣ ሁሌ ያው ወንበር፣ ያው ሰማያዊ መጋረጃ፣ "አገጭ ዝቅ፣ ትከሻ ቀና፣ አይን ወደዚህ"። አሁን ሳስበው ግን ፊት ማየት የተማርኩት እዛ ነው፣ ብርሃኑ ካልተቀየረ፣ ኋላው ካልተቀየረ የሚቀየረው ሰውየው ብቻ ነው፣ የትኛው ሰው መነጽሩ እንደሚያንጸባርቅ፣ የትኛው ትንፋሹን ይዞ እንደሚጠብቅህ፣ መቼ እንደሚለቀው ታውቃለህ። ልክ ትንፋሹን ሲለቅ ነው ማንሳት ያለብህ፣ ይሄን ማንም በቪዲዮ አያስተምርህም።

ማሊ ውስጥ ባማኮ ላይ ሴይዱ ኬይታ የሚባል ፎቶ አንሺ ነበር፣ በ1948 እ.ኤ.አ. ስቱዲዮ ከፈተ፣ ዛሬ ስራዎቹ ትልልቅ ሙዚየም ውስጥ ነው የሚሰቀሉት። ኬይታ ለአንድ ደንበኛ የሚያነሳው ባብዛኛው አንድ ፍሬም ብቻ ነበር፣ ፊልም ውድ ስለሆነ። አንድ! እኛ አንድ ሙሽራ መኪና ላይ ስትወጣ ብቻ መቶ ክሊክ እናደርጋለን። እኔ አንድ ፍሬም ይበቃል አልልም፣ የሰው አይን ይጨፈናል፣ ግን ሌላ ሰው ጋ ለመድረስ ወረቀት የሚከፈልበት ፎቶ ስታነሳ ጣትህ በራሱ ይቆጠባል። ለራሴ ስወጣ አሁን የማነሳው ከድሮው በጣም ያነሰ ነው፣ ቤት ስገባም ኤዲት የማደርገው ያነሰ ነው፣ እንቅልፌም ጨምሯል።

ከኬይታ የወሰድኩት ዋናው ነገር ግን ሌላ ነው። ሰዎቹ ለብሰው ነው የሚመጡት፣ ያላቸውን ምርጥ ልብስ፣ ስቱዲዮው ውስጥ ደሞ ሰዓት፣ ሬዲዮ፣ ሞተር ሳይክል ሳይቀር ነበረው፣ የሚፈልጉትን ይዘው ይነሳሉ። እኛ ዶክመንተሪ ነን የምንል ሰዎች ደሞ የምንወደው ሰውየውን በስራ ልብሱ፣ በተቀደደ ቲሸርት፣ ላብ በላብ ሆኖ ነው፣ "ናቹራል" ብለን። አሞራ ገደል ላይ ፎቶ መውሰድ ስጀምር ሰዎቹ ምን አሉኝ፣ "እሁድ ና፣ ለብሰን እንጠብቅሃለን"። መጀመሪያ ፊቴን አጨማደድኩ፣ በውስጤ "አለቀ፣ ጉርድ ፎቶ ሆነ" አልኩ። ሄድኩ ግን። ቢላ ይዞ የማውቀው ልጅ ሱፍ ለብሶ፣ ጫማውን አስጠርጎ፣ መጽሐፍ ቅዱሱን ይዞ መጣ፣ ጀልባው ጋ ሄዶ ቆመ። የሱፉ እጅጌ ረዘም ብሎበታል፣ አምባዛ የወጋው አውራ ጣቱ በፕላስተር ተጠቅልሏል። ያ ፎቶ ከሁሉም በላይ የምወደው ነው፣ የስራ ልብሱን ለብሶ ካነሳሁት ሁሉ በላይ ስለ ስራው ይናገራል። አሁን መጀመሪያ የነሱን አነሳለሁ፣ እንደፈለጉት፣ ከዛ "አሁን ደሞ የኔን" እላለሁ። ብዙ ጊዜ የነሱ ይሻላል።

ፊቼ፣ የሲዳማ ዘመን መለወጫ፣ ላይም ተመሳሳይ ነገር ነው። ፊቼ ጨምበላላ ዩኔስኮ መዝገብ ላይ ከገባ ከ2015 እ.ኤ.አ. ወዲህ በዓሉ የሚከበርበት ሜዳ፣ ጉዱማሌ ላይ፣ የካሜራው ብዛት አይጣል ነው፣ ሽማግሌዎቹ ጦርና ጋሻ ይዘው ሲመጡ ከፊታቸው የሌንስ ግድግዳ ይቆማል፣ ቄጣላው፣ ጭፈራው፣ መሃል ሳይቀር የሚገባ አለ፣ ከዛ ሁሉም ቤቱ ገብቶ ያንኑ በረጅም ሌንስ ከሩቅ የተሳበ ፊት ፖስት ያደርጋል፣ ስም የለው፣ ቀዬ የለው። እኔ አሁን ጉዱማሌ የምደርሰው ዘግይቼ ነው። ከዛ በፊት ቤት ውስጥ ነኝ፣ ቡርሳሜው ሲዘጋጅ፣ ቆጮው በቅቤ ሲታሽ፣ ልጆች ቤት ለቤት "አይዴ ጨምበላላ" እያሉ ሲገቡ። እዛ ቤት ያስገባኝ ካሜራዬ አይደለም፣ ያለፈው ዓመት ፎቶ ግድግዳቸው ላይ ስለተሰቀለ ነው። ሲዳሙ አፎ፣ ሲዳምኛ፣ ያለኝ ለሰላምታ ያህል ነው፣ እሱም ያስቃቸዋል፣ ግን ፎቶው ቀድሞኝ ገብቷል። ቤት ውስጥ ብርሃኑ ከበሩ ብቻ ነው የሚመጣው፣ 50 ሚሊሜትር ሌንስ ብዙ ብርሃን እንዲያስገባ 1.8 ላይ ከፍቼ ሰውየው ወደ በሩ ዞር እስኪል እጠብቃለሁ፣ ፍላሽ አላወጣም፣ ፍላሽ ከወጣ ሁሉም ሰው ተስተካክሎ ይቀመጣል።

አሁን ስለ ሰርግ። ብዙ ጓደኞቼ ሰርግ ጥበብህን ይገድለዋል ይላሉ፣ "ለሆድ ነው የምሰራው፣ የኔ ስራ ሌላ ነው"። እኔ በተቃራኒው ነኝ። የሰርግ ስራዬ ሁሌ ያልቃል፣ የራሴ ስራ ግን አያልቅም ነበር፣ ለምን ብዬ ሳየው ሰርጉን የሚጠብቅ ሰው አለ፣ ሙሽሪት ትደውላለች፣ እናቷ ትደውላለች፣ ካስረዘምክ አጎቷ ይመጣል። የራሴን ፎቶ ደሞ የሚጠብቅ ማንም የለም፣ ስለዚ ሃርድ ዲስክ ውስጥ ይተኛል። አሞራ ገደሎቹ ሲጠብቁኝ ነው የራሴም ስራ ማለቅ የጀመረው። ጋሼ መንገድ ላይ ባጃጅ ውስጥ ሆነው አይተውኝ "አንተ ልጅ፣ የት አደረስከው?" ሲሉኝ ከየትኛውም ዴድላይን በላይ ነው።

ሀዋሳ ላይ የሰርግ ሲዝን ከአዲስ አበባው ይረዝማል፣ እንደሚታወቀው ኦርቶዶክሱ በሁዳዴ አይሞሸርም፣ ጥር ላይ ነው፣ ከዛ ከፋሲካ በኋላ፣ እዚህ ግን ፕሮቴስታንቱ ብዙ ስለሆነ መሃል ላይም ስራ አለ። ስለዚ ካልተደራጀህ ትሞታለህ። ውል በጽሑፍ፣ ግማሹ ቀብድ፣ የማስረከቢያ ቀን ውሉ ላይ፣ ስንት ፎቶ እንደሚሰጥ ውሉ ላይ። "ዘመድ ነን ምን ውል ያስፈልጋል" የሚል ይመጣል፣ በተለይ ከዘመድ ጋር ነው ውል የሚያስፈልገው፣ አንዴ የአልበም ገጽ ብዛት ላይ ሽማግሌ ተቀምጦብኛል። ፋይል ሶስት ቦታ ነው የሚቀመጠው፣ ላፕቶፑ ላይ፣ ሃርድ ዲስክ ላይ፣ ሌላ ሃርድ ዲስክ ደሞ እህቴ ቤት፣ እህቴ ቤት ያለው ነው ዋናው ምክንያቱም ሌባም እሳትም ሁለት ቤት በአንድ ሌሊት አይገባም። ሚሞሪ ካርድ ሶስቱም ጋ ሳይደርስ አይጠረግም። መብራት ሊጠፋ ስለሚችል ካርድ የምገለብጠው እዛው ማታውኑ ላፕቶፑ በባትሪ ላይ እያለ ነው፣ ደክሞኝም ቢሆን።

አንዲት ነገር ደሞ ለአዳራሽ፣ ብዙ ልጆች ፎቷቸው ላይ ጥቁርና ቢጫ መስመር ሲመጣ ካሜራው የተበላሸ ይመስላቸዋል። ካሜራው አይደለም። የኛ መብራት 50 ኸርዝ ነው፣ ርካሽ ኤልኢዲና የድሮው ፍሎረሰንት አምፖል በሰከንድ 100 ጊዜ ይርገበገባል፣ ሹተርህን 500 ላይ፣ ማለት የሰከንድ አንድ አምስት መቶኛ ላይ፣ ካደረግክ የመርገብገቡን ቁራጭ ነው የምትይዘው። 100 ላይ ወይ 50 ላይ አድርጉት፣ ይጠፋል። ዘፈኑ ሲሞቅና ሰው ሲዘል 100 ይከብዳል አውቃለሁ፣ ያኔ ፍላሹ ይስራ።

መምረጥ ላይ የማደርገው ነገር አለ፣ ሌላ ፎቶ አንሺ ላይወደው ይችላል። የራሴን ፎቶ በዛው ቀን አልመርጥም፣ በዛው ቀን የምትመርጠው የለፋህበትን ነው፣ ውሃ ውስጥ ጉልበትህ ድረስ ገብተህ ያነሳኸው ሁሌ ጥሩ ይመስልሃል። ትንሽ ቆይቼ፣ በትንሹ አሳጥቤ፣ ሳሎን ግድግዳ ላይ በፕላስተር እለጥፋለሁ። ቤተሰብ ያልፋል ያገድማል፣ ልጆች አስተያየት ይሰጣሉ፣ እናቴ "ይቺ ልጅ ምን ሆና ነው የተከፋችው" ትላለች፣ ተከፍታ አልነበረም፣ ፀሐይ አይኗ ገብቶ ነው፣ ግን የእናቴ ጥያቄ መልስ ሰጠኝ፣ ያ ፎቶ ይወርዳል። መጨረሻ ላይ የሚቀሩትን የማጣራው በአንድ ጥያቄ ነው፣ ይሄን ለሰውየው ስሰጠው ማብራራት ይኖርብኛል ወይ? "ይሄ እኮ አርት ነው" ብዬ መጀመር ካለብኝ አልወስደውም።

እዚህ ላይ ግን አንድ ጓደኛዬ አለ፣ እሱም ፎቶ አንሺ፣ ጎበዝ ነው፣ አይስማማኝም። "አንተ ሰው ደስ እንዲለው ነው የምታነሳው፣ እንደሱ ከሆነ እውነቱ የታለ?" ይለኛል። ዝም ብዬ የማልፈው ነገር አይደለም ያለው። ጋሼን አንዴ መረባቸው ላይ ተኝተው አንስቻቸዋለሁ፣ ሌሊቱን ሙሉ ወጥተው ምንም ያላገኙበት ቀን፣ አፋቸው ተከፍቷል፣ እግራቸው ጭቃ ውስጥ ነው። ካነሳኋቸው ሁሉ ጠንካራው ፎቶ ምናልባት እሱ ነው። ወሰድኩላቸው፣ አዩት፣ "ይሄን ለልጆቼ አታሳይብኝ" አሉ። አላሳየሁም፣ የትም አልለጠፍኩትም፣ ግን አላጠፋሁትም። ጓደኛዬ "ሐይቁ ላይ ዓሣ እያነሰ መሆኑን ከዛ በላይ የሚያሳይ ፎቶ የለም፣ ደብቀኸዋል" ይላል። እኔ ደሞ የሳቸው ድካም ማስረጃ የሚሆነው እሳቸው ሲፈቅዱ ነው እላለሁ። አንዳንድ ቀን እሱ ልክ ይመስለኛል፣ በተለይ ማታ ብቻዬን ፎቶውን ከፍቼ ሳየው።

ወጪውን ደሞ አትርሱት፣ ወረቀትና ቀለም በየጊዜው ይጨምራል፣ አሳጥቦ መውሰድ የሚባለው ነገር በነጻ አይደለም። እኔ ሰርግ ዋጋዬ ላይ ትንሽ ጨምሬበታለሁ፣ ለደንበኞቼም አልደብቅም፣ "ከዚህ ላይ የተወሰነው ለአሞራ ገደል ፎቶ ማሳጠቢያ ነው" እላቸዋለሁ። አንዱ ሙሽራ "እኔ ምን አገባኝ" ብሎ አስቀንሶኛል፣ ሌላው ደሞ ራሱ ጨምሮልኛል፣ የዓሣ አስጋሪ ልጅ ነው ለካ።

ጓደኛዬ ጋር ክርክሩ ስላላለቀ ተወራርደናል። በሚቀጥለው ቅዳሜ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ላይ አሞራ ገደል አብረን እንገባለን፣ እሱ በረጅሙ ሌንሱ ከሩቅ፣ ሳያስፈቅድ፣ እንደሚወደው ያነሳል፣ እኔ በ50ው ከቅርብ። ሁለታችንም አምስት አምስት መርጠን እናሳጥባለን፣ እና ቅድመ ሁኔታዋ ይቺ ናት፣ የሱን እኔ አይደለሁም የማደርሰው፣ ራሱ በእጁ ነው የሚሰጣቸው፣ እኔ ራቅ ብዬ እቆማለሁ። የተሸነፈ አንድ ሙሉ ዓሣ ጥብስ ከነዳጣው ይከፍላል፣ ዳኛዋ የምትጠብሰዋ ማዘር ናት። ጓደኛዬ "ዳኛዋ ያንተ ደንበኛ ናት" ብሎ እስካሁን እያጉረመረመ ነው።